የጠመኔው ምልክት

ሦስት ጣት ወርዷል። ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልደርብ ወደ ጓሮ ወጥቼ ያረጋገጥኩት ይህንን ነው። አርብ ማታ ከመተኛቴ በፊት የውሃ ሮቶውን በጣቴ ከላይ ወደ ታች እያንኳኳሁ፣ ባዶ ድምፁ ተለውጦ ድፍን የሚሆንበት ቦታ ላይ በነጭ ጠመኔ አስምሬ ነበር። አሁን እዚያው መስመር ላይ ሳንኳኳው ባዶ ሆኖ ጮኸ። ሮቷችን ትንሽ ስለሆነች ሦስት ጣት ማለት አንድ ትልቅ ባልዲ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ሐሙስም እንዲሁ ወርዶ ነበር፣ ረቡዕም እንዲሁ። አልተናደድኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ ነው ያለኝ። የጠረጠሩት ነገር ሲደርስ የሚሰማ ደስታ አለ፤ «አላልኩም?» የሚያሰኝ። እኔ ደግሞ «አላልኩም?» ማለት የምወድ ሴት ነኝ።

ውሃ ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ እሱም ደስ ሲለው። ስለዚህ የሮቶው ቧንቧ ላይ ቁልፍ አድርጌበታለሁ። የቁልፉ መክፈቻ የሚሰቀለው ሳሎን ግድግዳ ላይ ካለው የዓለም ካርታ ኋላ፣ ሚስማር ላይ ነው። ይህንን የምናውቀው እኔ፣ ባለቤቴ ባጫና ልጃችን ፈናን ብቻ ነን። ባጫ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሳምንቱን የሚያሳልፈው አቦምሳ ነው። ፈናን ገና አሥር ዓመቷ ነው፣ እሷን የሚጠረጥር ሰው ራሱን ይጠርጥር። የቀረችው ሙቢና ናት። ሙቢና ጓሮ ያለችውን ክፍል በወር ሁለት ሺህ ብር የተከራየች፣ የሁለት ዓመት ልጅ ያላት፣ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት። ሻይ ማለት ውሃ ነው። እኔ የፈቀድኩላት በቀን አንድ ጀሪካን ነው። በአንድ ጀሪካን ሻይ ተፈልቶ፣ ብርጭቆ ተለቅልቆ፣ የልጅ ልብስ ታጥቦ፣ በዚያ ላይ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ታጥባ እንዴት ይበቃታል? ይህንን ስሌት ስሠራ ሰነበትኩ። መክፈቻው የሚሰቀልበትን አይታ አስቀርጻለች ብዬ ደመደምኩ፤ መናኸሪያ አካባቢ ቁልፍ ቀራጭ ሞልቷል።

መጠርጠር ሥራዬ ነው ብል አላጋንንም። ከደሴ ተመድቤ አሰላ ከመጣሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አሥራ ስድስቱንም መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። ከፋይል ውስጥ አንድ ገጽ ሲጎድል ማን እንዳወጣው ከባለጉዳዩ አረማመድ የምገምት ሰው ነኝ። በኦሮምኛ ግን ዋጋ ከመጠየቅና ሰላም ከማለት አላለፍኩም፤ ጥፋቱ የኔው ነው፣ ባጫም ነግሮኛል። ፈናንና ሙቢና ጓሮ ቆመው በኦሮምኛ ሲያወሩ ከመሃል የማውቀውን ቃል ለመልቀም ጆሮዬን እጥላለሁ። እኔ ስደርስ ዝም ይላሉ። በተለይ በዚህ ሳምንት ዝምታው በዛ። ምን አወራችሁ ስላት ፈናን «ምንም» ትለኛለች። ከልጄ ጋር የሚወራው «ምንም» ምንድን ነው? ይህም ቅር ብሎኝ ነበር፤ ከውሃው ጋር ደመርኩት።

ሰው እንዳይታዘበኝ አንድ ነገር ልንገር። እኔ ልጄን ለሰው እንድታዝን አድርጌ ለማሳደግ የማደርገውን በሰፈራችን ማንም አያደርገውም። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለን፤ በውስጡ የአገሮች ስም የተጻፈባቸው ወረቀቶች አሉ። አርብ አርብ ከእራት በኋላ ፈናን ዓይኗን ጨፍና አንድ ወረቀት ታወጣለች። አገሩን ካርታው ላይ ትፈልጋለች፣ ስለ ሕዝቡ ሦስት ነገር ትናገራለች፣ ከዚያ አብረን እንጸልይላቸዋለን። ለስንቱ አልጸለየች! ለሄይቲ ስትጸልይ አልቅሳለች። ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያናችን ተወርቶ፣ ነገ እሑድ ከፕሮግራም በኋላ ለእናቶች ኅብረት «ለዓለም የሚያዝኑ ልጆችን ማሳደግ» በሚል ርዕስ እንድናገር ተጋብዣለሁ። ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ። ትናንት ማታ የወጣው ወረቀት የመን ነበር። የውሃ ችግር እንዳለባቸው ስነግራት ፈናን ካርታውን ትክ ብላ አይታ፣ «እማዬ፣ ፈረሶቹስ?» አለችኝ። «የምን ፈረሶች?» ስላት «እዚያ ያሉት ፈረሶች ውሃ ከየት ያገኛሉ?» አለች። ሰው ሲጠማ ስለ ፈረስ አይጠየቅም ብዬ አረምኳትና ጸለይን።

ሙቢናን የጠራኋት ልጇን አዝላ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል ነው። እትዬ አበራሽ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጥታ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። እትዬ አበራሽ ጎረቤታችን ብቻ አይደለችም፣ የእናቶች ኅብረቱ ሰብሳቢም ናት። እሷ እስክትሄድ መጠበቅ እችል ነበር። አልጠበቅኩም፤ ምስክር ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

«ሙቢና፣ ይቺ መስመር ትታይሻለች?»

«ትታየኛለች፣ እትዬ።»

«ማታ ውሃው እዚህ ነበር። አሁን እዚህ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ የት ገባ?»

መስመሩን አየችው። ከዚያ እኔን አላየችም፤ በትከሻዬ አሳልፋ ወደ ኩሽናው በር ነው ያየችው። ዞር ስል ፈናን ዳቦዋን ይዛ ቆማለች። ሙቢና ልጄን ረዘም አድርጋ አየቻት። ዓይኔን ማየት አቅቷት ነው፣ የበደለ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው አልኩ በልቤ። ንጹሕ ሰው ይጮሃል፣ ይምላል፣ ደረቱን ይደቃል። እሷ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ልጇን ከፍ አድርጋ አዘለችው እንጂ ምንም አልመለሰችም።

«እያወቅኩ ሌባ ጓሮዬ ውስጥ አላኖርም» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ኧረ ተዪ አይናለም፣ ውሃ እኮ ነው» አለች እትዬ አበራሽ።

«ዛሬ ውሃ ነው እትዬ አበራሽ። ነገ ምን እንደሚሆን እርስዎም ያውቃሉ።»

ሙቢና እንደገና ወደ ኩሽናው በር አየች። ከዚያ በቀስታ «ዛሬውኑ እወጣለሁ» አለችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ቀላል ሆነብኝ። የተዘጋጀሁበት ክርክር ሁሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ። እንዲህ በቀላሉ ከወጣችማ ከውሃ የበለጠ የወሰደችው ነገር አለ ብዬ ሳሎን ገብቼ ዕቃ ቆጠርኩ። ማንኪያ ሳይቀር ቆጠርኩ። ምንም አልጎደለም። መክፈቻውን ከካርታው ኋላ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ፈናንን «በሩን ዘግተሽ ተቀመጪ፣ እሷ ስትወጣም ዓይንሽ አይነቀልባት» ብዬ ወደ ገበያ ሄድኩ።

የቅዳሜ ገበያ ውስጥ እንኳ ነገሩ አልለቀቀኝም። ድንች በኪሎ አርባ ብር ሲሉኝ ባለፈው ሳምንት ሠላሳ አምስት እንደነበር አስታወስኩና ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አስመዘንኩ። ሽንኩርቱ መቶ አሥር ገብቷል። ከሳጉሬ የመጣችው ሻጭ ጎመን አንሥታ «ዛሬ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ስትለኝ «ቤቴ ሌባ ገብቶ» አልኳት፤ ከንፈሯን መጠጠችልኝ። ደስ አለኝ፤ ጎመኑንም ሳልከራከር ገዛሁ። በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ የሙቢና ቦታ ባዶ ነው። አግዳሚዋ ተገልብጣለች። ሁለት የሚኒባስ ረዳቶች ዛሬ ሻይ የለም እንዴ እያሉ ቆመዋል። ባጫ ደወለልኝ። ከጀርባው በሬ ይጮሃል፤ የከብት ገበያ መሃል ነው ያለው።

«ስትቀዳ አይተሻታል?» አለኝ ነገሩን ስነግረው።

«ምልክቱን አይቻለሁ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ፣ አይናለም።»

በሬው ብቻ ይጮሃል። ባጫ ከሙቢና ጋር በአንድ ቋንቋ ስለሚያወሩ ያደላላታል ብዬ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ በልቤ ይዤ ነው ነገ ስለ ዓለም ሕዝብ ላስተምር የተዘጋጀሁት። ያን ጊዜ ግን ይህ አልታየኝም፤ «ካርዴ ሊያልቅ ነው» ብዬ ዘጋሁበት። የደወለው እሱ ነበር።

ከባጃጅ ወርጄ ግቢ ስገባ ሰባት ሰዓት አልፏል። ዘንቢሉን ኩሽና ላስቀምጥ ስገባ፣ ለመጠጥ ያስቀመጥኩት ቢጫ ጀሪካን ተዘቅዝቆ አየሁት። ጠዋት እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር። ከኩሽናው ደጃፍ ጀምሮ ሲሚንቶው ላይ የውሃ ጠብታ ተንጠባጥቧል። ሮቶውን ብጠብቅባት ወደ ኩሽናዬ ገባች! እጅ ከፍንጅ ነው የምይዛት አልኩና ጫማዬን አውልቄ፣ በካልሲ፣ በገዛ ግቢዬ ውስጥ ጠብታውን ተከትዬ መሄድ ጀመርኩ። ጠብታው በግድግዳው ጥግ ሄደ። የሙቢና ክፍል በሩ ክፍት ነው። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳጥን ታስራለች፣ ልጇ በተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ጠብታው እዚያ አልገባም። አልፎ ሄደ። ተባባሪ አላት ማለት ነው አልኩ። እንዲህ ነበርኩ፣ አልዋሽም፤ እውነቱ እግሬ ሥር ተዘርግቶ እያየሁት ሌላ ሌባ እጨምር ነበር።

ጠብታው በጓሮ በር ወጥቶ፣ ከግንቡ ኋላ ካለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ አጠገብ አበቃ። እዚያ ፈናን ቁጭ ብላለች። ከፊቷ የኔ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አለ። ሳፋው ውስጥ የፈረስ አፍ አለ።

የጋሪ ፈረስ ነበር። በአሰላ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ፈረስ ያላየ የለም፤ መጎተት ሲያቅተው ባለቤቱ ልጓሙን አውልቆ የትም ይለቀዋል። የጀርባው ቁስል ተገልጧል፣ የኋላ እግሩን አንዱን ከመሬት ከፍ አድርጎ ይዞታል። የጎን አጥንቱን ልትቆጥረው ትችላለህ። ውሃውን ሲስበው ድምፁ ይሰማል። ፈናን ስታየኝ አልተነሳችም። ሳፋውን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከማክሰኞ። ጠዋት ጠዋት አንቺ ሳትነሺ። ባለቤቱ ጥሎት ሄደ። ልጆች በድንጋይ ይመቱታል፣ ወደ ወንዝ መውረድ አይችልም።»

«ሙቢና ታውቃለች?»

«አንድ ቀን ባልዲው ከብዶኝ አግዛኛለች። ለእማዬ እንዳትነግሪ ብያት ነበር።»

«ጠዋት ስጮህባት አጠገቤ ቆመሽ አልነበረም?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትመቺኛለሽ ብዬ።» ሳፋውን ወደ ፈረሱ ገፋ አድርጋ፣ «እሷ እኔን ታየኝ ነበር። እስክናገር የምትጠብቀኝ መሰለኝ። ከዚያ ሳልናገር ሄደች» አለችኝ።

ከግንቡ ጥግ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ኩራት ነበር፤ ለተጣለ ፈረስ ጎህ ሳይቀድ የምትነሳ ልጅ አለችኝ። ሁለተኛው ግን ወዲያው ተከተለው። ይቺው ልጅ ሰው በእሷ ምክንያት ልጁን አዝሎ ሲባረር ዳቦዋን ይዛ ቆማ አይታለች። ለሄይቲ ያለቀሰች ልጅ! ይህንን ከየት ተማረችው ብዬ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ከፊት በር በኩል የጋሪ ድምፅ ተሰማ። ስንደርስ ባለጋሪው ዋቅቶላ ፍራሹን ጭኖ ጨርሷል። ከሰል ማንደጃው፣ ሁለቱ ፔርሙዞች፣ በልብስ የተጠቀለሉት የሻይ ብርጭቆዎች፣ ሁለት ባዶ ጀሪካኖች። የሰው ኑሮ በአንድ ጋሪ ያልቃል። እትዬ አበራሽ በር ላይ ቆማ ነበር፣ ሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም ነበሩ። ሙቢና ልጇን አቅፋ ወጣችና የክፍሉን ቁልፍ በእጄ ላይ አስቀመጠች። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ልናገረው ነበር። እትዬ አበራሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣

«ተገላገልሽ። የነገውን ንግግርሽን አደራ፣ ከሳጉሬም እናቶች ይመጣሉ» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይህ ነው። ዋቅቶላ ፈረሱን ነካ አደረገው፣ ጋሪው ኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨ ሄደ፣ እኔ የቁልፉን ብረት በእጄ ጨብጬ ቆምኩ። ጎረቤቶቹ ተበተኑ። በሩን ልዘጋ ስል ፈናን ቀሚሴን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ አንቺም ዝም አልሽ።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ዓይነት ልማድ እንዳለን ገና እንዳወቀች ሁሉ፣ ልክ እንደ ጓደኛ ነው ያለችኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

«ጫማሽን አድርጊ» አልኳት።

ሄድን። እኔ በቤት ነጠላ ጫማ፣ እሷ ካልሲ ሳታደርግ። እትዬ አበራሽ ከበሯ ላይ ሆና «ምን ረሳሽ?» ብላ ጮኸች፤ አልመለስኩላትም። ጋሪው አስፋልቱ ጋ ደርሶ አይሱዙ እስኪያልፍ ቆሞ ነበር። ሙቢና ከፍራሹ ላይ ሆና አየችን፣ ልጇንም ወደ ደረቷ ሳበችው። ሌላ ስድብ ልጨምርባት የመጣሁ መስሏት ነው። የባጃጅ ሾፌሮቹ ዞረው ያዩናል። እትዬ አበራሽም ተከትላን መጥታ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ቆማለች። እንኳን መጣች፤ ጠዋትም ምስክር ነበረች።

«ሙቢና፣ ውሃውን የወሰደችው ፈናን ናት» አልኩ፣ ጠዋት በጮህኩበት ድምፅ ልክ። «ለፈረስ ነው። አንቺ አልወሰድሽም። በሐሰት ነው ሌባ ያልኩሽ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቁኝ? ነገሩኝ እንጂ።»

አይሱዙው አልፏል፣ ዋቅቶላ ግን ፈረሱን አልነዳም፤ እሱም ይሰማል። ተመለሺ አልኳት፣ ለመንኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሌላ ቤት መያዟን፣ እዚያ ቧንቧው እንደማይቆለፍ ነገረችኝ። ፈናን ወደ ጋሪው ተጠግታ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለቻት፤ ከማውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ስለሆነ ገባኝ፣ ይቅርታ ነው። ሙቢና ጎንበስ ብላ ጸጉሯን ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ዓይኔን አየችኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ልጅቷን አይምቷት።»

ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ስለ ገዛ ልጄ እኔን ለመነችኝ። ጋሪው አስፋልቱን ተሻግሮ በታችኛው መንገድ እስኪሰወር ድረስ ቆመን አየነው። እትዬ አበራሽ አልፋን ስትሄድ ስለ ነገው አላነሳችም። ስንመለስ ፈናን «ነገ ቤተ ክርስቲያን ምን ልትዪ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት፤ እውነትም አላውቅም ነበር። ሦስቱ ገጾች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፣ ከጎናቸው የወተት ቆርቆሮው። የመን የሚለው ወረቀት ገና አልተመለሰም።

የሮቶውን መክፈቻ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከካርታው ኋላ ልሰቅለው እጄን አነሳሁና ተውኩት።

«እንኪ። ጠዋት ለፈረሱ ስትቀጂ እንዳያንጠባጥብ ቧንቧውን አጥብቀሽ ዝጊ» አልኳት።

አልተቀበለችኝም። መጀመሪያ መክፈቻውን አየችው። ከዚያ እጄን፣ ከዚያ ፊቴን አየች፤ በአንድ ዓይኗ በሩ ክፍት መሆኑን አረጋገጠች። ብትወስደው ምን እንደማደርጋት ታሰላ ነበር። ቆሜ ጠበቅኳት። ያንን አስተያየት ከየት እንዳመጣችው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የኔው ነው።